ሰባት ቁጥር ተንፍሷል

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ በያጁን ከታንከሩ አውጥተው ሸራ ላይ አስተኝተውት ነበር። ቁስል የለበትም፣ ቃጠሎ የለበትም፣ አንዲት ጠብታ ደም የለም። የብየዳ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ሥራ እንኳ ገና አልጀመረም። በሃያ ስድስት ዓመት የመርማሪ ፖሊስነት አገልግሎቴ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ። ምንም ያልነካው ሬሳ ግን ያናድደኛል። ሰው ከሞተ በምን እንደሞተ የሚጠቁም አንድ ምልክት ሊተውልኝ ይገባል ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

ግቢው ያረጁ የብረት ታንከሮች የሚጠገኑበት ነው። አሥራ ሁለቱ በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሁለት ረድፍ ቆመዋል። እያንዳንዱ አንዲት ጠባብ ክፍል ያክላል። አናቱ ላይ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባበት ክብ አፍ አለው፤ አፉም በስምንት ቡሎን የሚታሰር ክዳን አለው። ሰውየው የሞተው ሰባት ቁጥር ውስጥ ነው። ክዳኑ ተፈትቶ ጎኑ ላይ ተደግፏል። በነጭ ጠመኔ «ተንፍሷል» የሚል ቃል፣ ከሥሩም «ሰኞ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ክዳኑ ትናንት ተከፍቶ አድሯል፣ ንጹሕ አየር ገብቶበታል ማለት ነው» አለኝ አጠገቤ የቆመ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው። «ይህ ቃል ያልተጻፈበት ታንከር ውስጥ ማንም አይገባም።»

«አንተ ማነህ?»

«አፍ ጠባቂው ነኝ።»

በዚህ ግቢ ሥራ በጥንድ ነው። አንዱ ይገባል፤ ሌላው አፉ ላይ ቆሞ የገባው ሰው ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድ ይይዛል። የሚይዘውን ሰው አፍ ጠባቂ ይሉታል። ጠባቂው ከአፉ ዞር ማለት የለበትም።

«ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ደግሞ የእህቴ ባል ነው።»

«ገመዱን ይዘህ ነበር?»

«የእጅ መብራቱ ደከመበት። ሌላ አምጣልኝ አለኝ። ሄጄ እስክመለስ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስጠራው ዝም አለ።»

«ከመግባቱ በፊት አየሩን ለክተሃል?»

መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። ሰባት ቁጥር፣ ማክሰኞ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። «ጤነኛ አየር ውስጥ ኦክስጅኑ ከመቶ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ነው» አለ። «መለኪያው ግን ስደነግጥ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።» የተሰነጠቀውን መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጫማዬ ጭቃ እንደጠጣ አይቶ የራሱን ቦቲ አወለቀና አጠገቤ አስቀመጠው። እምቢ ብልም አልሰማኝም፤ በካልሲው ቆሞ አስደረገኝ። ወደድኩት። በእኔ ሥራ ሰው መውደድ አይመከርም፤ እኔ ደግሞ ምክር አልሰማም።

ቀጥሎ የመጣው ቀለም ቀቢው ነው። ግቢው በሙሉ «ብሩሽ» ይለዋል። ጠብደል ነው፤ አፉ ደግሞ ከገላው ይበልጣል።

«ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «ባለፈው ሳምንት ተጣልተናል። የብየዳ ፍንጣሪ አዲስ ቀለሜ ላይ ረጨብኝ። አንቅሃለሁ ብዬዋለሁ። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«አጥር እየቀባሁ። ሁለት ምስክር አለኝ። ጩኸት ስሰማ ሮጬ መጣሁ። አባባ ጠመኔ እስከ ወገባቸው ታንከሩ ውስጥ ገብተዋል። ልጃቸው ከኋላ ጨምድዶ ይዟቸው ‹አባባ አትግባ፣ አየር የለውም› እያለ ይጮሃል። እሱ ባይዛቸው ኖሮ ዛሬ የሚያነሱት ሁለት ሬሳ ነበር።»

«አባባ ጠመኔ ማን ናቸው?»

«ክዳን ከፋቹ ናቸዋ። የአፍ ጠባቂው አባት፣ የሟቹ አማት። ለነገ የሚገባበትን ታንከር ከሥራ መውጫ ላይ ከፍተው ቃሏን ይጽፋሉ። ጠመኔ ከኪሳቸው አይጠፋም።»

ወደ አዛውንቱ ከመሄዴ በፊት ግን ቡሎኖቹን አየሁ። መፍቻ ሲያዞራቸው ጠርዛቸው ላይ ጭረት ይተዋል። ክዳኑ ላይ «ሰኞ» ከተጻፈበት ከአራት ቁጥር ጀመርኩ፤ ሌሊቱን ጣሪያው ሥር ጉም ገብቶ ስላደረ ጭረቱ ቀላ ብሏል። የሰባት ቁጥር ጭረት ግን እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ የብረት በር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰባት ቁጥር የተከፈተው ሰኞ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ቃል ይዋሻል።

አባባ ጠመኔ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። የኮታቸው ኪስ በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል።

«አባባ፣ ሰባት ቁጥርን መቼ ከፈቱት?»

«የከፈትኩት አራት ቁጥርን ነው፣ ልጄ። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ሰባትንስ?»

«ልጄ አራት ያለኝ መሰለኝ። የታንከሩን ቁጥር ከቢሮ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። አሁን ግን ሰባት ነው ያልኩህ ይለኛል። እሱ አይሳሳትም።»

«ሌላ ሰው ሊከፍተው አይችልም?»

«ክዳን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«ቃሉንስ ማን ጻፈው?»

«ጠመኔውም የኔ ነው።» ወደ እጃቸው አዩ። «እኔው ነኝ ማለት ነዋ።»

ልጃቸው በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ገብቶ ትከሻቸውን ያዘ። «አባባ፣ ረስተህ ነው። ባለፈው ወር ባርኔጣህን ራስህ ላይ አድርገህ ስትፈልግ አልነበረም? ጠዋት ትዝ ሲልህ ደንግጠህ ከፈትከው፤ የትናንቱን ቀን ጻፍክበት። ማንም አይፈርድብህም።»

አዛውንቱ እንደ ተቆጡት ሰው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘነበለ፤ ከቡሎኖቹ ጋር ልክክ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላቦራቶሪ ሄድኩ። የላቦራቶሪዋን ኃላፊ ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳልገባኝ እያወቀች ታስረዳኛለች።

«ደሙ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «መርዝ የለም፣ የጭስ መርዝ የለም። ልቡም ደህና ነበር። አየር አጥቶ ነው የሞተው።»

«ታንከሩ ባዶ ነበር። አየር ነበረው።»

«አየር ነበረው። ኦክስጅን ነበረው ወይ ብለህ ጠይቅ።»

«ማን ወሰደው ታዲያ? ክዳኑ በስምንት ቡሎን ታስሯል።»

ድስት የሚፈተግበትን ቀጭን የብረት ሽቦ በአቼቶ አጥባ አረጠበችና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ብርጭቆውን ገልብጣ ውሃ የያዘ ሳህን ላይ ደፋችው። «ሐሙስ ና» አለችኝ። እኔ ገዳይ እየፈለግሁ እሷ ዕቃ ታጥባለች ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕን በከንቱ አባከንኩት። አብሮኝ የሚሠራው ሳጅን ከሰባት ቁጥር እግር ሥር ቀለም ማቅጠኛ የነከረ ጨርቅ አገኘ። ጨርቁ የብሩሽ ነው። ሽታው ራስ ያዞራል። አንቅሃለሁ ያለ ሰው፣ የሚያፍን ጨርቅ፤ ደስ አለኝና ብሩሽን ግማሽ ቀን አሰርኩት። አሥር ሰዓት ላይ ከላቦራቶሪ ተደወለልኝ፤ የማቅጠኛው ሽታ በሟቹ ሳንባ ውስጥም ሆነ ደሙ ውስጥ የለም። ብሩሽን ስፈታው ቀበቶውን እየታጠቀ አየኝ። «ጨርቄን ይመልሱልኛል?» ብቻ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ሽቦው ቡናማ ሆኗል። ሳህኑ ላይ የነበረው ውሃ ወደ ብርጭቆው ወጥቷል፤ አንድ አምስተኛ ያህል።

«ማን አስገባው?» አልኩ።

«የጎደለው ቦታ ነዋ የሳበው። ኦክስጅን ብቻውን መቀመጥ አይሆንለትም፤ ያገኘውን ይይዛል። ሃይድሮጅንን ሲይዝ የምትጠጣው ውሃ ነው። ካርቦንን ሲይዝ ከአፍህ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ነው። ብረትን ሲይዝ ዝገት ነው።»

«እኔ ዝገት ብረት ሲበሰብስ ነው የምለው።»

«ዝገት ብረት ብቻ አይደለም፤ ብረትና ኦክስጅን ተያይዘው ነው። የዛገውን ሽቦ አድርቀህ ብትመዝነው ካልዛገው ይከብዳል። ትርፉ ከየት መጣ?»

«ከአየሩ።»

«ዘንድሮ ገባህ።»

«አልሙኒየምስ አይዝግም እኮ።»

«እሱም ይይዘዋል። ግን ወዲያው ስስ ሽፋን ይሆንና ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ወርቅ ደግሞ ዞር ብሎ አያየውም። ብረት ነው ችግሩ። ሽፋኑ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ካለ ከሥር ከሥር መያዙን ይቀጥላል። ግድግዳው ያልተቀባ ታንከር ትንሽ ውሃ አስቀርተህ እንደ ሰባት ቁጥር አምስት ወር ብትዘጋው ያለውን ኦክስጅን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል።» ብርጭቆውን አንስታ ክብሪት ለኩሳ አስገባች። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። «ኦክስጅኑ የትም አልሄደም። ግድግዳው ላይ ነው፣ ቀይ ሆኖ። ግን ከያዘው በቀላሉ አይለቅም፤ ለሳንባ አይሆንም። እዚያ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ይወድቃል። አይታፈን፣ አይስል። ምንም አያውቅም።»

በኬሚስትሪ ከመቶ ሠላሳ አንድ ያመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን እስከ አጥንቴ ገባኝ። የታንከሩ የገዛ ግድግዳ የሰውየውን ትንፋሽ አምስት ወር ሙሉ ሲበላበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የራሷን መለኪያ ይዛ ግቢው መጣች። ከሰባት ቁጥር ጋር በአንድ ቀን የተዘጋውን ስምንት ቁጥርን አስከፍተን መለኪያውን በገመድ ወደ ውስጥ አወረድነው። አራት ነጥብ ሁለት አለ። ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ።

«የአፍ ጠባቂው መለኪያ እኮ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ብሏል» አልኩት።

«መሣሪያ ነው፣ ይሳሳታል» አለኝ። «ዋናው ጥፋት የክዳን ከፋቹ ነው። ሳያስተነፍስ ተንፍሷል ብሎ ጻፈ። አርጅቷል፤ እኔም ጡረታ ሳላወጣው ቀረሁ። ይፈርምና ፋይሉ ይዘጋ።»

አባባ ጠመኔ ጣቢያ መጡ። ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፎ ነው ያስገባቸው። ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ሚስት፣ ሴት ልጃቸው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ልጄ» አሏት። ተነስታ ፊቷን ሳትመልስ ወደ ጣቢያው ግቢ ወጣች።

«ሦስት ቀን ሆናት» አሉኝ ቢሮዬ ሲገቡ። «ቀና ብላ አታየኝም። ባሏን የገደልኩባት እኔ ነኝ፤ ምን ታድርግ? እስሩን አልፈራም፣ ልጄ። እንደወጣሁ አባባ ትለኛለች ወይ፣ እሱን ብቻ ነው የማስበው።»

ወረቀት ሰጠኋቸው። መስመር ሳይስቱ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀረጹ ጻፉ። ፈረሙ። ልጃቸው ውሃ አጠጣቸው፣ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አስተካከለላቸው፣ ይዟቸው ሄደ። ሕጉ የሚለውን አውቃለሁ፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ቢሆንም ያን ዕለት ስሜ ከሥሩ እንዲሰፍር እጄ እሺ አላለኝም፤ ለነገ አሳደርኩት።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊዋ የአዛውንቱን ቃል ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ እንዳለ ልተይበው ወይስ ላስተካክለው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የድሮ ሰው ናቸው መሰለኝ፣ በድሮ ነው የጻፉት። ‹እርጅና መጥቶአል› ብለዋል። እኛ ‹መጥቷል› ነው የምንለው። ‹ስለ ሆንሁ› ይላሉ ደግሞ።»

ወረቀቱን ነጠቅኳት። «እርጅና መጥቶአል፤ ልቤም ደክሞአል» ይላል። ጃኬቴን እንኳ ሳልደርብ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት አራት ቁጥርን ነው። «ተንፍሶአል፣ ሰኞ» ይላል። ግምጃ ቤቱ ጀርባ የተደረደሩ ሦስት አሮጌ ክዳኖች ላይ ያለፈው ወር ጠመኔ አልጠፋም ነበር፤ ተንፍሶአል፣ ተንፍሶአል፣ ተንፍሶአል። ሰባት ቁጥር ብቻ «ተንፍሷል» ይላል። አዛውንቱ የተማሩት እንደዚያ ነው፤ እጃቸው በአንድ ፊደል የሚያሳጥር እጅ አይደለም። ሰባት ቁጥር ላይ የጻፈው ሰው ቃሉን በየቀኑ ሲያየው ኖሯል፤ ግን አንብቦት አያውቅም። ሲጽፈው እንደሚናገረው ጻፈው።

ብሩሽ ከሩቅ ሲያየኝ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ስልኬ ጮኸ፤ የላቦራቶሪዋ ነች። «የሰጠኸኝን መለኪያ ፈታሁት» አለችኝ። «ውስጡ ያሉት የመዳብ መነካኪያዎች አረንጓዴ ሆነዋል። መዳብም ኦክስጅን ይይዛል፤ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ እርጥበት ከቆየበት ቀስ እያለ እንዲህ ይሻግታል። ይህ የሦስት ቀን ሥራ አይደለም። መለኪያው ከሞተ ወራት አልፎታል።»

ወደ ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩት። ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ አምስት ገጽ፣ ስምንት ገጽ። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። በሞተ መለኪያ ለወራት ሰው ሲያስገባ ከርሟል። የሰጠኝ ቦቲ እስካሁን እግሬ ላይ ነው።

የሟቹን ሚስት ቤቷ አገኘኋት። የባሏን የሥራ ልብስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ባልሽና ወንድምሽ ተጣልተው ነበር?»

የልብሱን ኮሌታ አስተካከለች። ከዚያ እጅጌውን ማጠፍ ጀመረች።

«እሑድ ዕለት ልቡ ሌላ ጋ ነበር» አለች። «ምን ሆንክ ስለው ‹ወንድምሽ አንድ ነገር አጥፍቷል፤ ራሱ ለአለቃ ይናገር ብዬ እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው› አለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ወንድሜ ነው ብዬ መስማት አልፈለግሁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንድሜ ማክሰኞ ዕለት አቅፎኝ እያለቀሰ ‹አባባ ነው፣ እንዳትፈርጂበት› አለኝ። አመንኩት።» እጇ ቆመ። «ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ?»

ያን ጊዜ አልመለስኩላትም። አሁንም ሳስበው ጥሩ አላደረግሁም።

ወንድሟን ሳጅኑ ከግቢው አመጣው። ሲገባ እግሬን አይቶ ፈገግ አለ። «ተመቸዎት?» አለኝ።

«ተመችቶኛል። ተቀመጥ።» መዝገቡን ፊቱ ከፈትኩት። «ማክሰኞ ጠዋት ሰባት ቁጥርን ለካህ። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ አገኘህ።»

«አዎ።»

«ጤነኛ አየር ነው።»

«አዎ።»

«ክዳኑም ተንፍሷል ይላል። ስለዚህ የእህትህ ባል ሲወድቅ ሰው ምን ያስባል? ልቡ ነው ይላል። ኤሌክትሪክ ይዞት ነው ይላል። አባትህም እንደዚያ አስበው ሊያወጡት ዘለው ሊገቡ ነበር። አንተ ግን ጨምድደህ ይዘህ ምን አልካቸው?»

መዝገቡን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«ብሩሽ ሰምቶሃል። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተውሃል። ‹አባባ አትግባ፣ አየር የለውም› አልክ። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ የለካህ አንተ፣ አየር እንደሌለው ማን ነገረህ?»

ሳጅኑ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፤ በዓይኔ ዝም በል አልኩት።

«አባቴ ሊገባ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልየው?»

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረኝ። መለኪያው ከወደቀበት አምስት ወር ሆኖታል። ቢናገር ሥልጠና ልከውት ያገኘው የደህንነት ሠራተኛነት ይቀርበታል፤ ዛሬ ነገ ሲል ቁጥሩን ከጭንቅላቱ መጻፍ ለመደ። የእህቱ ባል ደረሰበት። ሥልጠናው ላይ ደግሞ የዛገ ታንከር ሰው እንዴት እንደሚገድል ሥዕል ሥለው አስተምረውታል። ሰኞ ለአባቱ አራት ቁጥር ክፈት አላቸው። ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ሰባት ቁጥርን ራሱ ፈታ፣ ከአባቱ ጠመኔ ስባሪ ወስዶ ጻፈበት። ከዚያ ገመዱን ያዘለት። በያጁ ግባ ሲባል ገባ፤ ቃሉን አይቷል፣ አፉ ላይ የቆመውንም አይቷል። መብራት ላምጣ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ ደቂቃ ቆጠረ።

«እሺ» አልኩት። «ጥፋቱን ለምን ለአባትህ ሰጠኸው?»

«እሱን ማን ያስረዋል? ሽማግሌ ነው። ረሳ ይባላል፣ ይታለፋል።»

«እሳቸው ግን አመኑህ። ገዳይ ነኝ ብለው ነው የተኙት።»

«ያልፍለታል ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ነበር ያሰበው። ቦቲውን አውልቄ ጠረጴዛው ሥር ወረወርኩት። በካልሲ ወጣሁ።

ለአዛውንቱ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው ማድረግ እችል ነበር። ሳጅኑን እንኳ አሰብኩ። ራሴው ሄድኩ፤ ሴት ልጃቸውንም ከቤቷ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ የመኪናውን መስኮት አወረደች፣ መልሳ ዘጋችው።

አባባ ጠመኔ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ወለሉ ላይ የወንድ ልጃቸው ፍራሽ ተነጥፏል። እሷን ሲያዩ ለመነሳት ሞከሩ። ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አባባ» አለቻቸው። «አባባ፣ ይቅር በለኝ።»

ግራ ተጋብተው ወደ እኔ አዩ። ነገርኳቸው። በአጭሩ፣ የቻልኩትን ያህል አለስልሼ፤ አራት ቁጥርን፣ ሰባት ቁጥርን፣ መለኪያውን፣ ቃሉን። ስለ ታንከሩ ግድግዳ ስጀምር እጃቸውን አነሱ። ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ክዳን የከፈቱት ለዚያ ነው።

እጃቸው የሴት ልጃቸው ራስ ላይ ነበር፤ ግን የሚያዩት ፍራሹን ነው።

«ሦስት ሌሊት እዚህ ተኛ» አሉ። «እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይነሳና እጄን ይይዘኝ ነበር። ‹አባባ፣ ሰው ይረሳል› ይለኛል። እስክተኛ አይለቀኝም።»

ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ታዲያ» አሉ፣ «ልቤ ደህና ነው ማለት ነው? አልረሳሁም?»

«አልረሱም፣ አባባ። አንድም ነገር አልረሱም።»

«ብረሳ ይሻለኝ ነበር» አሉ።